ሮቶው ሲሞላ፦ በደሴ ተዳፋት ላይ የአንድ ጣሪያ ውሃ ጉዳይ

ካቻምና ነሐሴ፣ ዝናብ ሲወርድ ባደረበት ሌሊት ማግስት፣ ጦሳ ሥር ካለ ግቢ ስልክ ተደወለልኝ። «ፕላኑን ያወጣኸው አንተ አይደለህም? እንግዲያው ና ግንቡንም እየው» አሉኝ የቤቱ ባለቤት። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሰፈሩ እትዬ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ስደርስ ግንቡ ሆዱን ነፍቷል። ከላይ የእሳቸው ሮቶ፣ ከታች የጎረቤታቸው የሐጂ ማድ ቤት፣ በመካከል ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን የድንጋይ ግንብ። ከስንጥቁ ቡናማ ውሃ ይንጠባጠባል። ሐጂ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ከታች ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። አይናገሩም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሮቶ ሊያስቀምጡ ያሰቡ ደንበኞች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል፦ የጣሪያ ውሃ በግል ግቢ መሰብሰብ ይፈቀዳል ወይ? መንግሥትስ የሚያግዘው ነገር አለ? እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቃቸው አለኝ፤ ሮቶው ሲሞላ የተረፈው ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ የእትዬ ግቢ ነውና ጉዳዩን ከነዝርዝሩ ላስቀምጠው።

ግቢው

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተሸጎጠች ከተማ ናት። ሜዳዋ ጠባብ ስለሆነ ቤት የሚሠራው ዳገት ተቆርጦ፣ ግንብ ተገንብቶ ነው። የአንዱ ግቢ አፈር ከሌላው ጣሪያ ትክክል ይሆናል። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ጎረቤት ግራና ቀኝ ብቻ አይደለም፣ ላይና ታችም አለ። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ መሆኗ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ቧንቧው እንደሆነ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው የተዛባ ሳምንት ቢጫ ጄሪካን በየበሩ ይደረደራል፣ የጋሪ ዋጋም በዚያው ልክ ይወጣል።

እትዬን ሮቶ ያስገዛቸው 2014 ዓ.ም. ነው። ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ በጦርነቱ እጅ በነበረችበት ጊዜ መብራት ጠፋ፣ ቧንቧውም ደረቀ። እሳቸው በሰው ትከሻ ከምንጭ እያስቀዱ ከረሙ። ከሁለት ወር በፊት ከጣሪያቸው ጠርዝ እንደ መጋረጃ ሲወርድ የነበረውን ውሃ እያሰቡ መቆጨታቸውን ደጋግመው ይናገራሉ። መንገድ ሲከፈት አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ገዙ፣ ቆርቆሮ ሠራተኛ አስመጥተው በቤቱ ዙሪያ አሸንዳ አስገጠሙ። ሮቶው በብሎኬት መድረክ ላይ ተቀመጠ። ቦታው የግቢው ዝቅተኛ ጥግ ነበር፣ ከአሸንዳው የሚመጣው ውሃ ያለ ችግር እንዲገባ ተብሎ። ከግንቡ ጫፍ በሜትር ስለካው ስልሳ ሳንቲ ሜትር አገኘሁ።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር። ቤቱን ከዓመታት በፊት የሣልኩት እኔ ነኝ። መሠረቱን፣ ዓምዱን፣ የመጸዳጃ ቤቱን መስመር ሳይቀር አስቀምጫለሁ። ከጣሪያው ስለሚወርደው ውሃ ግን አንድ መስመር አላሰመርኩም። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላሰብኩትም። ዝናቡ በጠርዙ ይንጠባጠባል፣ አፈሩ ይጠጣዋል፣ የቀረው ወደ ዲች ይወርዳል ብዬ አለፍኩት።

ጣሪያው በሊትር

ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። የሚለካው ጣሪያው መሬት ላይ የሚጥለው ጥላ እንጂ የቆርቆሮው ተዳፋት አይደለም። የእትዬ ቤት ስምንት በአሥራ ሁለት ነው፤ 96 ካሬ። ቆርቆሮ ከሚያርፍበት ውሃ ከ80 እስከ 90 በመቶ ያስረክባል፣ የቀረው በትነትና በፍንጣሪ ይጠፋል። ደሴ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። በ85 በመቶ ብናሰላው ያ አንድ ጣሪያ በዓመት ከ80 ሺህ ሊትር በላይ ይሰጣል ማለት ነው።

ቁጥሩን የሰማ ሰው ወዲያው ይደሰታል፤ እትዬም ተደስተው ነበር። ችግሩ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ተካፍሎ አለመምጣቱ ነው። በልግ ትንሽ ያመጣል፣ ዋናው ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር ይበልጣሉ። 200 ብቻ ብንል እንኳ በነሐሴ ወር ከ16 ሺህ ሊትር በላይ ወደ ሮቶው ይመጣል። ሮቶው የሚይዘው አምስት ሺህ። ባዶውን ነሐሴን ቢጀምር እንኳ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ገና ይተርፋል። አንድ ደህና ዶፍ፣ 40 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ በአንድ ማታ ከሦስት ሺህ ሊትር በላይ ያወርዳል።

በሌላ በኩል፣ ስድስት ሰው ያለበት ቤት በነፍስ ወከፍ ሃያ ሊትር ቢጠቀም በቀን 120 ሊትር ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የሞላ ሮቶ አርባ ቀን ያህል ያቆያል፤ ኅዳር ላይ ያልቃል። ስለዚህ የጣሪያ ውሃ ደሴ ላይ ቧንቧን አይተካም፣ የፈረቃውን ክፍተት ይሞላል። እትዬ ይህን ቶሎ ገብቷቸው ሮቶውን ለልብስ፣ ለዕቃና ለመጸዳጃ አደረጉት። ለመጠጥ ሲያስፈልግ ያፈሉታል ወይም ውሃ አጋር ይጨምሩበታል። የሰኔውን የመጀመሪያ ዝናብ ደግሞ ፈጽሞ አያስገቡትም። ቱቦው ሮቶው አፍ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚዞር ክርን አለው፤ የልጅ ልጃቸው ዝናቡ ሲጀምር ሮጦ ያዞረውና የበጋው አቧራና የእርግብ ኩስ ደፍርሶ እስኪያልቅ መሬት ላይ ያፈሰዋል። ውሃው ሲጠራ ይመልሰዋል። ልጁ ይህን ሥራ እንደ ሹመት ነው የሚያየው።

ግንቡን ምን ገፋው

መጀመሪያ ሐጂም እትዬም ያሰቡት ሮቶው ተሰንጥቆ ነው። ሮቶው ደህና ነበር። የሆነው ይህ ነው።

ድሮ ውሃው ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ተዘርግቶ ነበር የሚወርደው፤ በአርባ ሜትር ዙሪያ ትንሽ ትንሽ። አሸንዳው ሲገጠም ያ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ቱቦ ወደ አንድ ጥግ መጣ። ሮቶው እስኪሞላ ችግር የለም። ከሞላ በኋላ ግን በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚወርድ ዶፍ ያ ጣሪያ በደቂቃ ሰማንያ ሊትር ያህል ይልካል። ማስተንፈሻው የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ቀዳዳ ነው፣ ያን ያህል ሊያሳልፍ አይችልም። ውሃው በክዳኑ እየገነፈለ ከመድረኩ ሥር፣ ከግንቡ ጀርባ ካለው ሙሌት አፈር ውስጥ ይሰርጋል። ግንቡ የውሃ መውጫ ቀዳዳ የለውም፤ የሠራው ግንበኛ በሲሚንቶ አሳምሮ ደፍኖታል። እንግዲህ ከጀርባው ጭቃ፣ ከላዩ አምስት ቶን። አምስት ሺህ ሊትር ውሃ አምስት ቶን መሆኑን ሰው ይረሳዋል። ያንን ከግንብ ጫፍ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ላይ ማስቀመጥ ጭነት የያዘ አይሱዙ እንደማቆም ነው።

ዝናቡ ከድሮው አልበለጠም። ተበትኖ ይወርድ የነበረው አንድ ነጥብ ላይ መጣ፣ ያ ነጥብ ደግሞ የሐጂ ማድ ቤት አናት ላይ ሆነ።

ማን ይከለክላል?

ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት የሕግ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሕግ የሚማር የሐጂ ወንድም ልጅ መጥቶ «ውሃው መጀመሪያውኑ የእትዬ አይደለም» አለ። ሕገ መንግሥቱን ጠቀሰ፣ አንቀጽ 40፣ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለውን። ከዚያም ዝናቡ ወደ ቦርከና፣ ቦርከናም ወደ ኮምቦልቻና ወደ አዋሽ የሚወርድ የሌላ ሰው ውሃ መሆኑን አስረዳ። ሐጂ እስኪጨርስ ጠበቁት። «እንግዲያው መንግሥት ይምጣና ከግንቤ ላይ ያንሳልኝ» አሉት።

ልጁ ግን ከንቱ አልተናገረም። በዚያው መንገድ ያሰበ አገር አለ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ወንዙን ቀድሞ የያዘ ቅድሚያ ስላለው፣ ከጣሪያ ላይ ዝናብ መያዝ የታችኛውን ባለመብት ውሃ መንካት ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ታግዶ ኖረ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሕጉ ተሻሽሎ ነው አንድ ቤት ሁለት በርሜል፣ በድምሩ 110 ጋሎን እንዲይዝ የተፈቀደው። ይህ 416 ሊትር ገደማ ነው፤ የእትዬን ሮቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

የእኛ ሕግ እንዲህ አይቆጥርም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱን ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል፣ ለውሃ አጠቃቀምም ፈቃድ ይጠይቃል። ከፈቃድ ነፃ ያደረጋቸውም አሉ፤ በእጅ ጉድጓድ ቆፍሮ መጠቀም፣ ባህላዊ መስኖ፣ የውሃ ወፍጮ። ግቢውን ቆፍሮ የከርሰ ምድር ውሃ ለሚያወጣ ሰው ፈቃድ ካላስፈለገ፣ ቆርቆሮው ላይ ያረፈውን በሮቶ የያዘን ሰው ፈቃድ አምጣ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። እትዬ ሮቶውን ሲያስቀምጡ ቀበሌ ጠይቀው የተመለሰላቸውም ይኸው ነው፣ «ሮቶ ምን ፈቃድ ይፈልጋል»።

ፈቃድ የሚመጣው ውሃው ላይ ሳይሆን ግንባታው ላይ ነው። እትዬ መጀመሪያ ያሰቡት ከመሬት በታች የኮንክሪት ማጠራቀሚያ ነበር። ያ ሮቶ አይደለም፣ ቁፋሮና ፌሮ ያለበት ግንባታ ነው፤ የሕንፃ አዋጁ ፕላንና የግንባታ ፈቃድ ይጠይቅበታል። ወጪውንም ሰምተው ተዉት። እኔ ግን መሬት ውስጥ የሚገባውን ማጠራቀሚያ ለደሴ ተዳፋት ከሮቶ ይልቅ እመርጠዋለሁ፣ ቦታው ከግንብ እስከራቀ ድረስ።

ሐጂን በቀጥታ የሚረዳው ሕግ አሮጌው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለ ሀብት የሆነ ሰው በሀብቱ ሲሠራበት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዛል። ዝናብም ሮቶም ሳይጠቅስ ጉዳዩን የያዘው እሱ ነው። ሐጂ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ያሸንፋሉ ብዬ ለእትዬ ለብቻቸው ነገርኳቸው። «እኔስ ከሐጂ ጋር ሃያ ዓመት ኖሬ ፍርድ ቤት ልገናኛቸው?» አሉኝ።

ሽምግልናው

ሦስት ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሁለቱ ከእድሩ፣ አንዱ ከመስጊድ። ቡናው በእትዬ ቤት ነበር፣ በሦስተኛው ስኒ አለቀ። የተስማሙበት ወረቀት አንድ ገጽ ተኩል ነው፣ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አስታውሰዋለሁ።

ሮቶው ከግንቡ ተነሥቶ በግቢው ላይኛ በኩል፣ ቆርጠን በደለደልነው ጽኑ መሬት ላይ፣ በኮንክሪት መድረክ ይቀመጣል፤ ወጪው የእትዬ። ግንቡ የነፋው ክፍል ፈርሶ ከጀርባው ጠጠር ተሞልቶ፣ የውሃ መውጫ ቱቦ ተቀብሮበት ይሠራል፤ ወጪው እኩል፣ ምክንያቱም ቀዳዳ የሌለው ግንብ ዛሬ ባይሆን ነገ መግፋቱ አይቀርም ነበር። በዚህ አንቀጽ ላይ አንድ ሰዓት ተከራክረናል። ሐጂ ግንቡ ለብዙ ዓመት ምንም አልሆነም አሉ፣ እውነታቸውን ነው፤ በመጨረሻ የተስማሙት ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አብሽር ሐጂ፣ በግማሹ ድንጋይ የምትደገፈው አንተ ነህ» ሲሏቸው ነው።

ሦስተኛው ስምምነት ያልጠበቅኩት ነበር። የሮቶው ትርፍ በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ተይዞ መንገድ ዳር ያለው ዲች ድረስ መድረስ ነበረበት፤ አጭሩ መንገድ ደግሞ በሐጂ ግቢ ነው። ሐጂ አሰቡና «ያሳልፈው፣ ግን መንገድ ላይ እኔ ጋ ይረፍ» አሉ። ከማድ ቤታቸው ጎን ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ለራሳቸው ገዙ። የእትዬ ሲሞላ ወደ ሐጂ ይወርዳል፣ የሐጂ ሲሞላ ወደ ዲች። ሐጂ ውሃውን ለውዱና ለከብቶቻቸው ያውሉታል። ፓምፕ የለ፣ ቆጣሪ የለ፤ ተዳፋቱ ራሱ ይሠራዋል።

ይህ ስምምነት አንድ ቀዳዳ አለው፣ ያንንም ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ። ወረቀቱ ሰዎቹን እንጂ ቤቶቹን አያስርም። ነገ ሐጂ ቤታቸውን ቢሸጡ ገዢው ቱቦውን ቆርጦ ሊጥለው ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1359 ጀምሮ የንብረት አገልግሎት የሚለው ነገር አለ፤ አንዱ ይዞታ ለሌላው ይዞታ ጥቅም የሚሸከመው ግዴታ ነው፣ ከሰው ወደ ሰው ሳይሆን ከመሬቱ ጋር ይሄዳል። ይህን ለማድረግ ግን መመዝገብ አለበት። እስከ ዛሬ አልተመዘገበም። ወረቀቱ እትዬ ሳጥን ውስጥ ከጋብቻ ምስክር ወረቀታቸው ጋር ተቀምጧል።

ማበረታቻውስ?

በዚህ ሁሉ ውስጥ እትዬ ከማንም የተቀበሉት ድጋፍ የለም። እንዲያውም ሮቶውን፣ አሸንዳውን፣ ቱቦውን ሲገዙ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከፍለዋል። በቴክሳስ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ ከሽያጭ ግብር ነፃ ነው፣ የአካባቢ አስተዳደሮችም ከፈለጉ ከንብረት ግብር ሊቀንሱለት ይችላሉ። እኛ ደግሞ የቤት ግብራችንን በአፍ ስንጠራው «ጣሪያና ግድግዳ» ነው የምንለው። ጣሪያውን ስሙ ላይ ያስቀመጠ ግብር ለጣሪያው አሸንዳ ትንሽ ቢቀንስ ምን አለበት?

ግዴታ ያደረጉም አሉ። የህንዷ ታሚል ናዱ በ2003 እ.ኤ.አ. ሕንፃ ሁሉ የዝናብ ውሃ ማቆሪያ እንዲኖረው አዘዘች። ወንዝ የሌላት ቤርሙዳ ቤት ሲሠራ ጣሪያው ውሃ እንዲሰበስብ፣ ከሥሩም ማጠራቀሚያ እንዲኖረው በሕግ ታስገድዳለች። ቤርሙዳ ላይ ይሠራል፤ ሰው የሚጠጣው እሱን ስለሆነ ይጠብቀዋል። ለእኛ ግዴታውን እፈራዋለሁ። ወሎ የውሃ ማቆር ዘመቻን ታውቀዋለች፤ በ1995 ዓ.ም. አካባቢ በገጠሩ የቤተሰብ ኩሬ በኮታ ተቆፈረ፣ ፕላስቲክ ተነጠፈ፣ ሲሚንቶ ተለሰነ፣ ብዙው ተሰንጥቆና ውሃው ሰርጎ ባዶውን ቀረ። ይቆጠር የነበረው ጉድጓዱ ነው፤ ውሃውን በጥር ወር ማን እንደቀዳበት የቆጠረ አልነበረም። ደሴ ላይም ሮቶ ብቻ ብንቆጥር በየግንቡ ጫፍ አምስት አምስት ቶን ይደረደራል።

ለእኔ የሚቀርበኝ የጀርመኖቹ ነው። ብዙ የጀርመን ከተሞች ለፍሳሽ ከሚከፈለው ለይተው፣ ከጣሪያና ከተነጠፈ ግቢ ወደ ሕዝብ ቱቦ ለሚለቀቀው የዝናብ ውሃ በካሬ ሜትር ያስከፍላሉ። ውሃውን ግቢው ውስጥ ያስቀረ ሰው ይቀነስለታል። እዚያ የሚታየው ከግቢህ የወጣው ውሃ ነው። ጎርፍ ከዳገት ዲች ሞልቶ አስፋልት ላይ በሚሄድባት፣ መሬቷ በሚንሸራተትባት ደሴ፣ ማበረታቻ የሚገባው ሮቶ ለገዛ ሰው ሳይሆን ትርፉን በቱቦ አስይዞ ዲች ያደረሰ ሰው ነው ባይ ነኝ። ለማጣራትም ቀላል ነው፤ አንድ ባለሙያ በሐምሌ ዶፍ ጃንጥላ ይዞ ይምጣና ከሮቶው ክዳን የሚገነፍል ካለ ይይ።

አሁን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። የእትዬ ልጅ ከኮምቦልቻ መጥቶ ቤቱን ፎቅ ላድርገው ብሎኛል። ቆርቆሮው ተነሥቶ ኮንክሪት ይሆናል፣ ስፋቱም ይጨምራል፣ የሐጂ ሁለት ሺህ ሊትር አይበቃውም። ባለፈው ሳምንት ሥዕሉን ጀመርኩ። በጣሪያው ገጽ ላይ ውሃ መውረጃውን አስቀመጥኩ፣ ከሮቶው እስከ ግንቡ፣ ከግንቡ እስከ ሐጂ ማድ ቤት ጥግ፣ ከዚያም እስከ ዲቹ ድረስ መስመሩን ሣልኩት። ከይዞታው ወሰን ያለፈው ክፍል በሰው ግቢ ውስጥ ስለሆነ በነጠብጣብ ነው የሣልኩት። ልጁ አየውና «ይሄ ነጠብጣብ ምንድን ነው?» አለኝ። ወደ ሐጂ ወርደህ ጠይቃቸው አልኩት።